አሥር ሕፃን ለአንድ ብልቃጥ፦ የሲስተር ሙሉሐረግ ዋለ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ሙሉሐረግ ዋለ ከአባታቸው ከአቶ ዋለ አድማሱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛች ይመር፣ በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት በቦረና አውራጃ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገብስ አገር፣ መስከረም 21 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከወለዷቸው ስድስት ልጆች ሦስቱ ሳያድጉ ቀርተዋል። ከሦስቱ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ የወሰዳቸው ኩፍኝ ነው። ሙሉሐረግ ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ስለነበሩ አያስታውሱትም፤ ታላቅ እህታቸው ግን ያስታውሱታል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በ1955 ዓ.ም. መካነ ሰላም ትምህርት ቤት ገቡ። በክፍላቸው ሴቶች አራት ብቻ ነበሩ፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ እርሳቸው ብቻቸውን ቀሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ደሴ ከተማ ከአክስታቸው ቤት ሆነው ተከታትለው በ1966 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም በነርስነት ሙያ ሠልጥነው በ1969 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። የምረቃ ፎቶግራፋቸው ላይ ከነጩ ቆብ ሥር የሚታየው ቁጣ የመሰለ ፊት የቁጣ አይደለም። ጫማው ስለጠበባቸው ነው።

የመጀመሪያ የሥራ ቦታቸው ወረኢሉ ነበር። በ1971 ዓ.ም. እዚያው ያስተምሩ ከነበሩት ከአቶ መለሰ ጥላሁን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆችን አፍርተዋል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በመጠለያ ውስጥ ሠርተዋል። ስለዚያ ዓመት ለማንም አውርተው አያውቁም፤ ስለዚህ እዚህም አይጻፍም።

በ1979 ዓ.ም. ወደ ደጎሎ ክሊኒክ ተዛወሩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና መንገዱ ሁሉ መሣሪያ በያዘ ሰው ሲሞላ፣ የክሊኒኩን በነጭ ጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ለማዳን ውስጡን ገብስ ሞልተው፣ ውጪውን ከላይ እስከ ታች እበት ለቅልቀው ጎታ አስመሰሉት። የመጡት ሰዎች አልጋውንም ወንበሩንም ሲወስዱ ጎታውን ትተውት ሄዱ። እበቱን ለማጠብ ሦስት ቀን እንደፈጀባቸው፣ የገብሱ አቧራም ከማቀዝቀዣው ሥር ለዓመታት ይገኝ እንደነበር አቶ መለሰ ይመሰክራሉ።

በ1985 ዓ.ም. መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ኃላፊ ሆነው ተመደቡ። ከዚህ ወዲያ ያለው ሕይወታቸው ሁሉ በአንድ ቀን ዙሪያ የተሠራ ነውና፣ ያ ቀን በዝርዝር እንዲነገር ራሳቸው በሕመማቸው ጊዜ አዝዘዋል።

የኩፍኝ ክትባት የሚመጣው በብልቃጥ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሕፃን ይበቃል፤ ከተከፈተ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። በዚያ ዘመን ከደሴ የሚላከው ብልቃጥ ጥቂት ስለነበር ከአምስት ሕፃን በታች ከመጣ እንዳይከፈት የሚል አሠራር ነበር። ሲስተር ሙሉሐረግ ይህን አሠራር ከማንም በላይ ያከብሩ ነበር። ከጣቢያው አንዲት ጠብታ አትባክንም እየተባለ ይወራላቸውም ነበር።

ማክሰኞ ነሐሴ 17 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት፣ ወይዘሮ ዘሊካ የሚባሉ እናት የዘጠኝ ወር ልጃቸውን አሚራን አዝለው ከወንዝ ማዶ አራት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ዝናብ ነበርና ሌላ ማንም አልመጣም። በማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረው ብልቃጥ አንድ ብቻ ነበር።

ሲስተር ሙሉሐረግም፣ «ለአንድ ልጅ ከፍቼ ዘጠኙን ልድፋው? ቅዳሜ ለገበያ ስትመጪ ይዘሻት ነይ» አሏቸው።

ወይዘሮ ዘሊካም፣ «ዘጠኙ ላልመጡት ነው እትዬ፤ የኔ ልጅኮ መጥታለች» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን በልጃቸው ላይ ደርበው ተመለሱ።

ቅዳሜ ወንዙ ሞልቶ ከማዶ ሰው አልተሻገረም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ መስቀል ደረሰ፣ አጨዳ ደረሰ። በኅዳር 1987 ዓ.ም. በማዶ መንደሮች ኩፍኝ ገብቶ ከሞቱት ሕፃናት አንዷ አሚራ ሆነች።

በዚያው ወር ሲስተር ሙሉሐረግ ክትባት ባለማባከን ከሌሎች ሠራተኞች ልቀው ተገኝተዋል ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱን ተቀብለው እንደያዙ ገበያ ውስጥ የአሚራን መርዶ ሰሙ። በማግስቱ ለቅሶ ለመድረስ ወንዙን ተሻገሩ። ምን እንደሚሉ መንገዱን ሙሉ ሲያስቡ ሄዱ። ወይዘሮ ዘሊካ ግን ቀድመው ተነሡና፣ «እትዬ፣ ቅዳሜ የቀረሁት ውሃው ሞልቶብኝ ነው፤ አፉ በሉኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቋቸው።

ልጃቸው የሞተችባቸው እናት ቀጠሮ በማክበር ጉድለት ይቅርታ ጠየቁ። ሲስተር ሙሉሐረግ ይህን ንግግር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለቤተሰባቸው የነገሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳይጨርሱት ቀርተዋል። የምስክር ወረቀቱ ከሳጥናቸው ሥር በፊቱ እንደ ተደፋ ትናንት ተገኝቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድም ልጅ ቢሆን ይከፍቱ ጀመር። ነገር ግን ለአንድ እየተከፈተ ዘጠኝ ሲደፋ፣ በወሩ አጋማሽ ማቀዝቀዣው ባዶ ይሆንና በሃያ አምስተኛው ቀን የመጣው ልጅ ባዶውን ይመለስ ነበር። የመጀመሪያውን ልጅ ሲያስተናግዱ ሌላውን እየመለሱ መሆናቸውን አዩ። ተጨማሪ ብልቃጥ እንዲላክ ወደ ደሴ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። ደግመው ጻፉ። ስምንት ደብዳቤ የጻፉ ሲሆን፣ የስምንቱም ቅጂ ከነቁጥሩ ተቀምጦ ይገኛል።

ታላቅ እህታቸው በሥራቸው ምክንያት ብዙ አገር ይዞሩ ስለነበር፣ ዘጠነኛው ደብዳቤ ለእርሳቸው መጣ። «አንቺ ስንቱን አገር ስትረግጪ ኖረሻል። እስቲ ክትባቱን የሚሠሩትን ሰዎች ካገኘሽ ለአንድ ልጅ የሚሆን ብልቃጥ ለምን እንደማይሠሩ ጠይቂልኝ» ይላል። በ1992 ዓ.ም. እህታቸው በአስተርጓሚነት በተገኙበት በአንድ የአውሮፓ ከተማ ስብሰባ ላይ፣ ለሻይ ዕረፍት በወጡበት ከአንድ የፋብሪካ ሰው ጋር ተገናኙና ጥያቄውን አቀረቡ። ሰውየው ትሑት ነበሩ። ለአንድ ሕፃን ብቻ የሚሆን ብልቃጥ ቢሠራ መስታወቱ፣ ክዳኑ፣ ማጓጓዣውና በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ሁሉ ዋጋውን እጅግ እንደሚያንረው፣ ድኃ አገሮች ክትባቱን መግዛት የቻሉትም አሥሩ በአንድ ላይ ስለሚታሸግ እንደሆነ አስረዱ። እህታቸው መልሱን ከአንድ ሳጥን ቸኮሌት ጋር ይዘው መካነ ሰላም ገቡ።

ሲስተር ሙሉሐረግ ቸኮሌቱን ለልጆቹ ሰጥተው መልሱን ሁለት ጊዜ አስደገሙ። ከዚያም፣ «ሰውየው አልዋሸም። እንግዲያው ርካሹን ብልቃጥ እንውሰድ፤ አሥር ልጅ ማምጣቱ የኛ ፈንታ ነው» አሉ።

ክትባቱ የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ነውና፣ ችግሩ የልጆቹን ዕድሜ ማወቅ ነበር። የአገራችን እናት ወር በቀን መቁጠሪያ አትቆጥርም። ልጇ ክርስትና የተነሣበትን ቀን ግን አትረሳም፤ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው። በሙስሊሞቹም ዘንድ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ታርዶ ስም ይወጣለታል። ሲስተር ሙሉሐረግ ይህን ይዘው ከቄስ አምባቸው የክርስትና መዝገብ፣ ከሼህ አህመዲን ደግሞ የአቂቃውን ቀን ይሰበስቡ ጀመር። ሼህ አህመዲን የጽሑፍ መዝገብ ባይኖራቸውም፣ «የበላሁበትን ቤት እኔ አልረሳም» ብለው አንድ በአንድ ያስቆጥሩ ነበር። ከእነዚህ ቀኖች ተነሥተው የልደቱን ቀን እያወጡ፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር ወደፊት በመቁጠር፣ በየወሩ ከየትኛው መንደር የየትኞቹ ልጆች እንደሚደርሱ በአንድ ደብተር ላይ አሰፈሩ። አሥሩ ሲሞሉ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ስማቸው ይጠራና ቅዳሜ ለገበያ ከሚመጡት ጋር በአንድነት ይመጡ ነበር።

የማዶ መንደሮችን ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ለመቀስቀስ የተነሡት ወይዘሮ ዘሊካ ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም። አንድ ቅዳሜ አራት እናቶችን አስከትለው መጡና፣ «ይኸው ያልመጡት» አሉ። ሲስተር ሙሉሐረግ ያን ዕለት ወደ ጓሮ ወጥተው ጥቂት ቆይተው ነው የተመለሱት። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ ለአሥራ አራት ዓመት ያህል አብረው ሲሠሩ ስለ አሚራ በመካከላቸው የተነጋገሩ ስለመሆኑ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሐዘንተኛው ይቅር ይበለኝና፣ የቅዳሜው ጉባኤ ሳቅም ነበረው። አንድ ጊዜ ከመስጊድ በኩል ሰባት ሕፃናት መጥተው ከቤተ ክርስቲያን በኩል የሚጠበቁት ሦስት ጎደሉ። ሼህ አህመዲን ገበያው መካከል ቄስ አምባቸውን ጠርተው፣ «አባ፣ ምነው በእናንተ በኩል ልጅ ጠፋ? ጾም በዝቶባችሁ ይሆን?» ቢሏቸው፣ ቄሱ ሳይስቁ፣ «ፋሲካ ይለፍና ዘጠኝ ወር ቆጥረው ይምጡ ሼሁ፤ ያኔ ብልቃጡ ለእናንተ እንዳይጠባችሁ» አሉ። የገበያው ሰው ሲስቅ ሲስተር ሙሉሐረግ ብቻ አልሳቁም፤ ደብተራቸውን ገልጠው የፋሲካን ቀን ከቄሱ እየጠየቁ ነበር።

በዚህ አሠራር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፈተው ብልቃጥ ሳይደፋ ማለቅ ጀመረ። ዓላማቸውም ይኸው ነበር፦ በቅዳሜው ጉባኤ የዳነው ብልቃጥ፣ ማክሰኞ ብቻውን ለሚመጣው አንድ ልጅ ያለ ሥጋት እንዲከፈት። በክትባት ክፍሉ ግድግዳ ላይ «አንድም ቢመጣ ይከፈት» ብለው በእጃቸው ጽፈው የለጠፉት ወረቀት ዛሬም አለ።

ይህም ሆኖ በ1996 ዓ.ም. በተደረገ ግምገማ ላይ፣ ለአንድ ልጅ ብልቃጥ ይከፍታሉ፣ የድኃ አገር ሀብት ያባክናሉ ተብለው ተወቀሱ። ጥፋታቸውን ይቀበሉ እንደሆነ ሲጠየቁ ተነሥተው፣ «ማባከኔን እቀበላለሁ። ያባከንኩት ግን በሰማንያ ስድስት ነው፤ ለዚያ ሸልማችሁኛል» ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። የደረጃ ዕድገታቸው ሁለት ዓመት ዘገየ።

በ2002 ዓ.ም. ስለ ክትባት ዋጋ በሚመክር ስብሰባ ላይ ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ወደ አዲስ አበባ ተጠሩ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው አሥር ደቂቃ ተሰጣቸው። በንግግራቸውም ዋጋው በመቀነሱ አመስግነው፣ ለገጠር ጤና ጣቢያ ግን ለአምስት ሕፃን የሚበቃው ብልቃጥ ትንሽ ቢወደድም የሚደፋው ስለሚቀንስ በመጨረሻ እንደሚረክስ በቁጥር አስረዱ። ይታያል ተባሉ። እስከ ዛሬ እየታየ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምች ክትባት ወደ አገራችን ሲገባ ለእናቶች ሲያስተምሩ፣ «ለናንተ በነፃ ነው እንጂ ነፃ አይደለም፤ እንዲረክስልን ስንት ሰው ተከራክሯል። እናንተ በቀጠሮ ቀን ስትመጡ እናንተም እያረከሳችሁት ነው» ይሏቸው ነበር። በ2006 ዓ.ም. ልጃቸው ምህረት ከጅዳ ስትመለስ ለእናቷ ትልቅ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ይዛ መጣች። ሲስተር ሙሉሐረግ ቴርሞሜትር ከትተው አንድ ቀን ሙሉ ከለኩት በኋላ፣ «ለወተት ይሆናል» ብለው መልሰው ሰጧት። ምህረት እስካሁን አኩርፋለች።

መስከረም 2007 ዓ.ም. በጡረታ ሲገለሉ ደብተራቸውን ለተተኪያቸው ለሲስተር ሸጋዬ አስረከቡ። በዚያን ጊዜ በእጅጉ ደክመው ነበር። ያደከማቸው በሽታው ብቻ እንዳልሆነ፣ አሥር ለመሙላት የሚደረገው ልመና በየወሩ እንደ አዲስ መጀመሩ እንደሆነ ለእህታቸው ነግረዋቸዋል፤ ወንዙ በየክረምቱ ይሞላል፣ የተማሩት እናቶች ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፣ ያልሰሙ ይተካሉ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ከእንግዲህ ወደ ቤታቸው መመለስ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ማክሰኞ መጋቢት 19 ቀን 2009 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው፣ በመካነ ሰላም መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ትናንት ከቀትር በፊት የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ሁሉ ወደ ለቅሶው ቤት መጡ። ሲስተር ሸጋዬ ብቻ አልነበሩም። ለምን ቀሩ ተብሎ ሲነገርባቸው ውሎ፣ ወደ ማታ ገደማ ደረሱ። ከሴቶቹ መካከል የተቀመጡት ወይዘሮ ዘሊካ ቀና ብለው፣ «የት ቆየሽ ልጄ?» አሏቸው።

ሲስተር ሸጋዬም፣ «ልዘጋ ስል ከማዶ አንዲት እናት መጣች፤ ብቻዋን ነበረች» አሉ።

«ከፈትሽላት?»

«ከፈትኩላት። ሌላ ይመጣ እንደሆን ብዬ ስድስት ሰዓት ጠበቅሁ፤ የመጣ የለም።»

«ዘጠኙንስ?»

«ደፋሁት።»

ወይዘሮ ዘሊካም፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የእናትየዋን ስም ማንም አልጠየቀም። ልጁ ግን በደብተሩ ውስጥ ተመዝግቧል።

ሲስተር ሙሉሐረግ የአቶ መለሰ ጥላሁን ባለቤት፣ የአቶ ጋሹ፣ የወይዘሮ ምህረት እና የወይዘሮ ሰርካለም መለሰ እናት፣ የአምስት ልጆች አያት፣ የወይዘሮ ብርሀንነሽ ዋለ ታናሽ እህት ነበሩ። ከሩቅና ከቅርብ መጥታችሁ ለቅሷችንን ለተካፈላችሁ ሁሉ፣ በተለይም በቄስ አምባቸውና በሼህ አህመዲን በኩል አንድ ላይ ለመጣችሁት የአገራችን ሰዎች፣ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

አምላካችን ሆይ፣ አገልጋይህ ሙሉሐረግ ዛሬ ወደ ደጅህ የምትደርሰው ብቻዋን ነው። ሌላ እስኪመጣ፣ ቁጥሩም እስኪሞላ ሳታስጠብቅ፣ ለአንዲቱ ነፍስ በሩን ክፈትላት። አሜን።

ታላቅ እህታቸው ብርሀንነሽ ዋለ
መካነ ሰላም፣ መጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.